ማሽኑ ሳይበርድ ቤንዚን አይጨመርም



ባለፈው ዓርብ ከጸሎት በኋላ የተናገርኩትን ላልነበሩት እንዲደርስ ጻፊው ስላላችሁኝ እነሆ ጽፌዋለሁ። በቃል ያልጠቀስኳቸውንም አንዳንድ ነገሮች ጨምሬበታለሁ።

የኸይማ ወቅት ደርሷል። በኩዌት በየዓመቱ በበረሃ ድንኳን መትከል የሚፈቀደው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 15 ነው፤ በእኛ ከኅዳር 6 እስከ መጋቢት 6 ገደማ ማለት ነው። ከፋሐሂል ብዙዎቻችን ድስቱን፣ ፍራሹንና ልጆቹን ይዘን ከማዳም ጋር ወደ ጁለይዓ ወይም ወደ ወፍራ መንገድ እንወጣለን። ሌሎቻችን ኸይራን ወዳለው ሻሌ እንሄዳለን። በረሃው ላይ የመብራት መስመር የለም። መብራቱም፣ ፍሪጁም፣ የልጆቹ ቴሌቪዥንም የሚሠራው በጄኔሬተር ነው። ማታ ድንገት ድርግም ሲል ከድንኳኑ ውስጥ «ቢንዚን! ቢንዚን!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ባባ እንግዳ ይዞ ተቀምጧል፣ ሾፌሩ ዕቃ ሊገዛ ሄዷል። ጀሪካኑን የምታነሳው እንግዲህ እህታችን ናት።

የተቀጠርነው ልናበስል፣ ልናጸዳ፣ ልጅ ልንይዝ ነው። ስለ ነዳጅ ያስተማረን ሰው የለም። ሥራው የማንም ይሁን፣ እሳቱ የሚያገኘው ግን ጀሪካኑን በእጇ የያዘችውን ነው። ስለዚህ ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

እኔ የፎገራ ልጅ ነኝ። በክረምት ሩዝ፣ በበጋ ሽንኩርት በሚመረትበት አገር ነው ያደግሁት። የበጋው ሽንኩርት የሚጠጣው በቤንዚን ፓምፕ ከርብ ወንዝ በሚሳብ ውሃ ስለሆነ፣ እዚህ ከመምጣቴ በፊት ከወንድሜ ጋር ፓምፕ ሳስነሳ፣ ካንዴላ ሳጸዳ፣ ዘይት ስቀይር ኖሬአለሁ። እዚህም ዘጠኝ ክረምት ከአሠሪዎቼ ጋር በረሃ ወጥቻለሁ። የምነግራችሁ በእጄ የሠራሁትንና ከሚያውቁ ሰዎች የተማርኩትን ነው።

የሚነደው ትነቱ ነው

ከሁሉ በፊት ይህችን አንዲት ነገር ያዙልኝ፤ ሌላው ሁሉ ከእሷ ይወጣል። ቤንዚን ሲነድ የሚነደው ፈሳሹ አይደለም። የሚነደው ከላዩ እየተነሳ ከአየር ጋር የሚደባለቀው ትነት ነው።

ናፍጣ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት የሚያወጣው ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ ትነቱን አያቆምም። ስለዚህ «ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ምንም አይሆንም» የሚል ሐሳብ ከልባችሁ ይውጣ። የበረሃ ብርድ ለቤንዚን ብርድ አይደለም።

ይህ ትነት ለዓይን አይታይም፤ ከአየርም ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም። እንደ ፈሰሰ ውሃ መሬት ለመሬት እየሄደ በዝቅተኛ ቦታ ይተኛል። በድንኳኑ ግርጌ ይገባል፣ በምንጣፉ ላይ ይሳባል፣ የሻይ ከሰል የተቀመጠበት ድረስ ይደርሳል። እሳት ሲያገኝ ደግሞ ነበልባሉ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ወደ ጀሪካኑ ይሮጣል። «እሳቱ እኮ ሩቅ ነበር» ሲባል የምትሰሙት ለዚህ ነው።

ትነቱ ብዙ መሆን የለበትም። ከመቶው አየር አንድ ተኩል እጅ ያህል ትነት ከገባበት ይነዳል። ስለዚህ ባዶ የሚመስለው ጀሪካን ከሙሉው ያስፈራል። በሙሉው ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ በባዶው ውስጥ ግን ትነትና አየር ተደባልቀው ክብሪት ይጠብቃሉ። ባዶ ጀሪካን እሳት አጠገብ አታስቀምጡ፤ እንደ መቀመጫም አትጠቀሙበት።

ድንኳንና ቤንዚን ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ኩዌት በክፉ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2009 ጃሕራ ውስጥ በሰርግ ድንኳን ላይ ቤንዚን ተደፍቶ በተነሳ እሳት ከ50 በላይ ሴቶችና ሕፃናት አልቀዋል። ያ በሰው ክፋት የሆነ ነው። ነገር ግን እሳቱ በክፋት መጣ በስህተት መጣ ጨርቁ አይለይም። ድንኳን የሚነደው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

የትኛውን ቤንዚን?

መጀመሪያ ማሽኑ የሚጠጣውን እወቁ። በረሃ ላይ የሚገኙት ትልልቅ ጄኔሬተሮች ብዙዎቹ የናፍጣ ናቸው፤ በእጅ ገመድ የሚነሱት ትንንሾቹ የቤንዚን ናቸው። በታንኩ ክዳን ላይ ወይም አጠገቡ ተጽፏል። ዓረብኛውን ማንበብ ካልቻላችሁ ቀን በብርሃን ባባን ወይም ሾፌሩን ጠይቁና በራሳችሁ እጅ በአማርኛ «ቤንዚን» ወይም «ናፍጣ» ብላችሁ ወረቀት ለጥፉበት። ናፍጣ ቤንዚን ማሽን ውስጥ ቢገባ ማሽኑ ያጨሳል፣ አይነሳም። ቤንዚን ናፍጣ ማሽን ውስጥ ቢገባ ደግሞ የነዳጅ መርጫውን ያበላሻል፣ የእሳት አደጋም አለው። ተሳስቶ የተጨመረ እንደሆነ ማሽኑ ሳይነሳ ለባለቤቱ መንገር ነው።

በኩዌት ማደያ ሦስት ዓይነት ቤንዚን አለ፦ 91 ሙምታዝ፣ 95 ኹሱሲ፣ 98 አልትራ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 ዋጋ ሲጨመር 91 በሊትር 85 ፊልስ፣ 95 ደግሞ 105 ፊልስ ሆነ፤ 98 ከሁሉም ተወደደ። ብዙ ሰው ውድ የሆነው ለማሽኑ የበለጠ ጉልበት የሚሰጥ ይመስለዋል። አይደለም። ይህ ኦክቴን የሚባለው ቁጥር የጉልበት ሳይሆን የትዕግሥት ቁጥር ነው፤ ቤንዚኑ በሞተሩ ውስጥ ሲጨመቅ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ምን ያህል እንደሚታገሥ ይነግራል። ትንሽ ጄኔሬተርና የሣር ማጨጃ ቤንዚኑን ብዙ አይጨምቁትም፤ ለአብዛኞቹ 91 ይበቃቸዋል። በአንዳንድ ማሽን ላይ 87 ተብሎ ብታዩ አትደናገሩ። የአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ 91 ከእሱ ጋር ይቀራረባል። ጄትስኪና ትልቅ የጀልባ ሞተር ግን ከፍ ያለ ሊፈልጉ ይችላሉ፤ የእነሱን ባለቤቱ ይወስን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ዘይት። ብዙዎቹ ጄኔሬተሮች ባለ አራት ምት፣ ፎር ስትሮክ የሚባሉ ናቸው። ዘይታቸው ለብቻው መግቢያ አለው፤ ከቤንዚን ጋር አይደባለቅም። ቱ ስትሮክ የሚባሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ግን ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው የሚፈልጉት። የዛፍ መቁረጫ መጋዝ፣ የቅጠል መንፊያ፣ አሮጌ የጀልባ ሞተርና ልጆቹ በረሃ ላይ የሚነዱት አሮጌ ባንሺ ከእነዚህ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ። ልኩ ማሽኑ ላይ ይጻፋል። 50 ለ 1 ከተባለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ 40 ለ 1 ከሆነ 25፣ 25 ለ 1 ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር። የተደባለቀውን ከንጹሁ ጋር እንዳይምታታ ሌላ ጀሪካን ላይ ጽፋችሁ ለዩት። ዘይት ያልገባበት ቤንዚን ለቱ ስትሮክ ከተሰጠ ሞተሩ ደርቆ ይነክሳል፤ ያ ማሽን ደግሞ የሌላ ሰው ንብረት ነው።

ስንጨምር

አደጋው የሚበዛው ማሽኑ በጠፋበት ሰዓት ነው። ጨለማ ነው፣ ሰው ይጮኻል፣ ማሽኑ ደግሞ ገና እንደጋለ ነው። ማርሚታው፣ ማለትም የጭሱ መውጫ፣ ቤንዚን ቢንጠባጠብበት ያለ ክብሪት ሊያቀጣጥለው እስኪችል ድረስ ሊግል ይችላል። ካንዴላው የሚሠራው በእሳት ብልጭታ ነው። እየሠራ ያለ ማሽን ላይ ቤንዚን መጨመር ማለት እሳት እየነደደ ዘይት እንደማፍሰስ ነው።

አንድ ክረምት ከእኛ ራቅ ብሎ ከተተከለ ኸይማ አንድ ወጣት ሠራተኛ እንግዳ አለ ተብሎ ማሽኑ ሳይጠፋ ሲሞላ እሳቱ እጁንና ፊቱን ለበለበው። ለእራቱ የቀረው አሥር ደቂቃ ነበር። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ወራት በሐኪም ቤት አሳለፈ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማሽኑ በራሱ እስኪጠፋ አትጠብቁ። አንድ ሙሉ ታንክ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ አንድ ቀን ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከመግሪብ በፊት፣ ብርሃን ሳለ፣ ማሽኑን አጥፍታችሁ አብርዳችሁ ሙሉት። ሌሊቱን ሙሉ ሰላም ታድራላችሁ።

ስትሞሉ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦

1. መጀመሪያ መብራቱንና ፍሪጁን ከማሽኑ ንቀሉ፤ ከዚያ ማሽኑን አጥፉ። ቢያንስ 15 ደቂቃ ይብረድ። እጃችሁን ሳትነኩት ወደ ማርሚታው አቅርቡ፤ ሙቀት ከተሰማችሁ ገና ነው።

2. ልጆቹን አርቁ። የሚያጨስ ሰው፣ የሻይ ከሰል፣ የእጣን ማጨሻ አካባቢው ላይ እንዳይኖር። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እዩና ነፋሱ ከጀርባችሁ ሆኖ ቁሙ።

3. የነጠላውን ጫፍ፣ የዓባያውን እጅጌ ሰብስቡ። ናይለን ልብስ ሲነድ ቆዳ ላይ ይቀልጣል፤ ጥጥ ይሻላል።

4. በበረሃ ክረምት አየሩ ደረቅ ነው። ብርድ ልብስ ስትገፉ ጨለማ ውስጥ ቿ ቿ የሚል ብልጭታ አይታችሁ ይሆናል። ያች ትንሽ ብልጭታ ለቤንዚን ትነት ትበቃለች። ስለዚህ ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት ከማሽኑ ራቅ ያለ ብረት፣ ለምሳሌ የመኪናውን በር፣ በባዶ እጃችሁ ንኩ።

5. የክዳኑን ዙሪያ በጨርቅ ጥረጉ፤ አሸዋ ከገባ ካርቡራቶሩን ይደፍናል። ክዳኑን ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ የታመቀ ትነት ይወጣልና ፊታችሁን ዘወር አድርጉ።

6. ላዩ ሰፊ ታቹ ቀጭን በሆነው ፈነል ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። እስከ አፉ አትሙሉት። ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል፤ በየ10 ዲግሪው ሙቀት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይጨምራል። ውስጡ ቀይ ምልክት ካለ እስከዚያ፣ ከሌለ ከአፉ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይቁም።

7. የማሽኑንም የጀሪካኑንም ክዳን ግጠሙ። የፈሰሰውን ጥረጉ፤ ሽታው እስኪጠፋ ጠብቁ። ጨርቁን ድንኳን ውስጥ አታስገቡ፤ ውጭ ዘርጉት።

8. ጀሪካኑን ቢያንስ 3 ሜትር አርቃችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ ብቻ ማሽኑን አስነሱ።

ሌሊት የግድ ከሆነ ሻማ፣ ክብሪት፣ ላይተር በፍጹም አይሁን። የእጅ ባትሪ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት አብርታችሁ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ።

ማደያ ሄዳችሁ ጀሪካን የምታስሞሉ ከሆነም ጀሪካኑ መኪና ውስጥ ሆኖ አይሞላ። መሬት ላይ ይውረድ፤ የቀጂው ብረት አፉን ነክቶ ይያዝ። እንዲህ ሲሆን ብልጭታው ወደ መሬት ይሄዳል።

ጭሱም ይገድላል

ከማሽኑ የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለበት። አገራችን ውስጥ ከሰል ቤት ውስጥ አክስለው ተኝተው ያልተነሱ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የለም። ያው ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፤ የምትሸቱት ሌላውን ጭስ ነው። ስለዚህ ማሽኑን ብርድ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ጩኸቱ ይረብሻል ብላችሁ ድንኳን ውስጥ፣ የድንኳን መግቢያ ላይ፣ ወይም በሻሌው ጋራዥ ውስጥ አታስገቡ። ከምትተኙበት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ ማርሚታው ከድንኳኑ ፊቱን ያዙር፤ ነፋሱ ጭሱን ወደ እናንተ አያምጣው። የሠራተኞች ድንኳን ብዙ ጊዜ ለማሽኑ ቅርብ ነውና ይህን ማየት የእናንተ ፈንታ ነው።

ሌሊት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ከተሰማችሁ፣ በተለይም አብራችሁ የተኛችውም እንዲሁ ካላት፣ ብርድ ነው ብላችሁ አትሸፈኑ። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ንጹሕ አየር አግኙ፣ ማሽኑን አስጠፉ።

ስናስቀምጥ

ቤንዚን የሚቀመጠው ለነዳጅ በተሠራ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ጀሪካን ነው። በውሃ ጠርሙስ፣ በዘይት ጀሪካን፣ በፔፕሲ ጠርሙስ በፍጹም። አገር ቤት በየመንገዱ ቤንዚን በሃይላንድ ሲሸጥ ስላየን ምንም አይመስለንም፤ ነገር ግን ቀለሙ የጭማቂ ይመስላል፣ የተጠማ ልጅ ደግሞ አይጠይቅም። ልጅ ቤንዚን ቢጠጣ እንዲያስታውክ አታድርጉ። ሲያስታውክ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ከሆዱ ይልቅ የሚጎዳው ሳንባው ነው። ወተትም አትስጡት፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ጀሪካኑ ከመቶ አምስት እጅ ያህል ጎደል ይበል። እንደምታውቁት ኩዌት ሙቀቷ የዓለም መነጋገሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2016 ሚጥሪባ ላይ 53.9 ዲግሪ ተመዝግቧል። ጥላ ስር እንዲህ ከሆነ በተዘጋ መኪና ውስጥ ያለውን ገምቱት። ስለዚህ ቤንዚን በመኪና ኮፈን ውስጥ አይቀመጥ፣ ጸሐይም አያግኘው።

ቤት ውስጥ ከሆነ ቦታው ውጭ፣ ጥላ ያለው፣ አየር የሚነፍስበት፣ ልጅ የማይደርስበት ነው። ኩሽና አይሆንም። የውሃ ማሞቂያው ሰኻን ያለበት ክፍል፣ የጋዝ ሲሊንደር አጠገብ፣ ሰርዳብ የሚሉት ምድር ቤት አይሆንም፤ ትነቱ ወደ ታች ወርዶ ይተኛልና። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደረጃ ሥርና መውጫ በር አጠገብ አይሆንም። እዚሁ አጠገባችን መንገፍ ላይ እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2024 በሠራተኞች መኖሪያ ሕንፃ የደረሰውን ሁላችንም አልቅሰንበታል። ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ያ እሳት ከቤንዚን አልነበረም፤ ከሕንፃው ታች በኤሌክትሪክ የተነሳ ነው። ነገር ግን አብዛኞቹን የገደለው ጭሱ ነው፤ ከታች ተነስቶ መውጫውን ያዘባቸው። ከደረጃ ሥር የሚቀመጥ የሚነድ ነገር ሁሉ ከላይ በሚተኛው ሰው ላይ በር እንደመዝጋት ነው። የሠራተኛ ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ጣሪያ ላይ ነው።

ቤንዚን እንደ ወይን እያደር አይጣፍጥም። በደንብ የተዘጋ ቤንዚን ጥቂት ወራት ይቆያል፤ በዚህ አገር ሙቀት ግን ቶሎ ይበላሻል። የአንድ ወር የሚበቃ ብቻ ግዙ፣ የተገዛበትንም ቀን ጀሪካኑ ላይ ጻፉ። የተበላሸው እንደ ቀለም ማቅጠኛ ይሸታል፣ ይጠቁራል፣ ማሽኑን ያስቸግራል። ወቅቱ ሲያልቅ ማሽኑ ውስጥ ቤንዚን ተከቶ በጋውን አይክረም። የነዳጁን መዝጊያ ዘግታችሁ ማሽኑ በራሱ እስኪጠፋ ይሥራ፤ ያን ጊዜ በካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረው ያልቃል። ታንኩ ውስጥ የቀረውን ባለቤቱ ያስቀዳው። አሮጌ ቤንዚን ሽንት ቤት፣ ፍሳሽ፣ ባሕር ወይም አሸዋ ላይ አይደፋም። ፍሳሽ ውስጥ የተደፋ ትነት በሌላው ክፍል ማጠቢያ በኩል ሊወጣ ይችላል።

ቤንዚን የማይገባበት

ከሰል ለማቀጣጠል ቤንዚን አይደፋም። «ሸዋይው ዘገየ» ሲባል ጀሪካን የሚያነሳ ሰው ብታዩ ራቁ፣ ልጆቹንም አርቁ። የጠፋ የሚመስለው ከሰል ውስጡ እሳት አለ፤ ነበልባሉ በሚፈሰው ቤንዚን ተከትሎ ወደ እጅ ይመጣል።

ማስቲካ ከምንጣፍ፣ ቅባት ከልብስ፣ ሬንጅ ከጫማ ለማስለቀቅ ቤንዚን አይሆንም። በተለይ በቤንዚን የታሸ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ወይም ማድረቂያ ውስጥ ከገባ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ማስቲካን በረዶ ያስለቅቀዋል፤ ቅባትን የዕቃ ሳሙና ይበቃዋል።

ቤንዚን በአፍ በጎማ አይሳብም። ፀጉርና እጅም አይታጠብበትም፤ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በሳሙናና በውሃ ነው።

እሳት ከተነሳ

ቤንዚን ከውሃ ይቀልላል፤ ውሃ ብትደፉበት ላዩ ላይ ተንሳፎ እሳቱን ይዞ ይሄዳል። የሚያጠፋው ደረቅ ዱቄት ያለበት የእሳት ማጥፊያ ነው፤ ፒኑን ነቅላችሁ ከነበልባሉ ግርጌ ላይ ርጩ። ትንሽ እሳት ከሆነ አሸዋ ያፍነዋል፤ በረሃ ላይ አሸዋ አይቸግርም። የሚነድ ጀሪካን ግን አንስታችሁ አትሩጡ። ብዙ ሰው የሚቃጠለው ዕቃ ለማዳን ሲል ነው። ትታችሁ ሰው አውጡ፣ 112 ደውሉ። ወደ በረሃ ከመሄዳችሁ በፊት የቦታውን ስምና መንገዱን ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ «በረሃ ላይ ነን» ብሎ የሚያገኝ አምቡላንስ የለም።

ልብሳችሁ ከተያያዘ አትሩጡ፤ ሩጫ ያራግበዋል። መሬት ላይ ተኙ፣ ፊታችሁን በእጃችሁ ሸፍኑና ተንከባለሉ። ለሌላ ሰው ከሆነ በወፍራም ብርድ ልብስ አፍኑት። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፤ በረዶ አይሁን። ቀለበትና አምባር ከማበጡ በፊት አውልቁ፤ የተጣበቀ ልብስ አትላጡ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዱቄት አይቀባም። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ቤት ነው። ለከባድ ቃጠሎ በኩዌት የባብጠይን የቃጠሎ ማዕከል አለ።

ለአገር ቤት

ብዙዎቻችን ከደመወዛችን ቆጥበን ለወንድም ፓምፕ፣ ለእናት ሱቅ ጄኔሬተር ልከናል። ከገንዘቡ ጋር ይህን ምክር ላኩ።

ቤንዚኑ እህል ካለበት ቤትና ምድጃ ካለበት ጎጆ ይውጣ። እጥረት አለ ተብሎ በበርሜል አይከማች። ከማደያ የተገዛውን ከመንገድ ላይ ከተገዛው ይምረጡ፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ለምግብ ማብሰያውም ለሞተሩም አደጋ ነው። ቤንዚን ገብቶበት የማያውቀው ሰው ነጭ ጋዝ ነው ብሎ ኩራዝ ላይ ከሞላው ኩራዙ ይፈነዳል።

ይህን ደግሞ በተለይ ንገሩልኝ። ፓምፕ ውሃን ከሥሩ ስቦ ማውጣት የሚችለው ከ7 ሜትር ገደማ ጥልቀት ነው። ጉድጓዱ ሲርቅ ሰው ፓምፑን ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ያወርደዋል። እዚያ ውስጥ የሚሠራ ሞተር ጭሱን የሚጥለው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። የወረደው ሰው ይወድቃል፤ ሊያወጣው የወረደውም ይወድቃል። ቤንዚን ፓምፕ ወደ ጉድጓድ አይወርድም፤ ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ሌላ ዓይነት ፓምፕ ነው የሚያስፈልገው። ሁለት ዓመት የለፋንበት ገንዘብ የወንድማችን መሞቻ እንዳይሆን ስልክ ስትደውሉ ይህችን አትርሱ።

እንዴት እንናገር?

አንዳንዶቻችሁ «ይህን ሁሉ ባውቅስ፣ ባባ ጨምሪ ሲለኝ እንዴት እንቢ እላለሁ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ከባድ ነው። በኩዌት ስለ ቤት ሠራተኞች የወጣው ሕግ ቁጥር 68 የ2015 አሠሪ ጤናን የሚጎዳ አደገኛ ሥራ ለሠራተኛዋ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። ነገር ግን በጨለማ፣ እንግዳ ፊት፣ ሕግ ጠቅሶ መከራከር ያጣላል እንጂ አያስማማም።

ከእንቢታ ይልቅ «ቆይ» ማለት ይቀላል። «ባባ፣ ኢስቢር ሽወይ፣ ማኪና ሓር፣ ኻሊ ይብረድ» በሉ። ጥቂት ታገሥ፣ ማሽኑ ጋለ፣ ይብረድ ማለት ነው። ይህን ብሎ የተቆጣኝ አሠሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ ማሽኑም የእሱ ነውና። ማዳምን ደግሞ በሰላሙ ቀን፣ ሻይ ላይ ሳላችሁ፣ የልጆቹን ነገር አንስታችሁ ንገሯት። «ጀሪካኑ ልጆቹ አጠገብ ነው፣ ወደ ውጭ እናውጣው» ስትሏት እምቢ የምትል እናት የለችም። ከመውጣታችሁ በፊትም የእሳት ማጥፊያውና የእጅ ባትሪው መጫናቸውን ጠይቁ። ይህ ድፍረት አይደለም፤ ቤት የሚጠብቅ ሰው ወግ ነው።

እስከሚቀጥለው ዓርብ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጀሪካኑ የት እንደተቀመጠ እዩ። ደረጃ ሥር ከሆነ፣ ኩሽና ከሆነ፣ ሰኻኑ አጠገብ ከሆነ፣ ነገ በብርሃን ለማዳም አሳዩአትና ቦታው ይቀየር።